የሰው አንጀት ለማን ይመሰክራል?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በዐቢይ ጾም ሳምንታት በአንባብያን ደብዳቤ ዓምዳችሁ ስለ ሰው አመጋገብ የወጡትን ሁለት ጽሑፎች በጥሞና አንብቤያቸዋለሁ። የመጀመሪያው ጸሐፊ የሰው ልጅ ጥርሱም አንጀቱም ለአትክልትና ለእህል የተሠራ ነው፣ ሥጋ መብላት ከተፈጥሮ ጋር መጣላት ነው ብለው አንድ ሠንጠረዥ ጭምር አያይዘዋል። መልስ የሰጡት ሁለተኛው ጸሐፊ ደግሞ ክራንቻችንን አስረጅ አድርገው፣ ሰው በተፈጥሮው ሥጋ በል እንደሆነና ጾመኛ ሁሉ ገላውን እየበደለ እንደሚኖር እስከ መናገር ደርሰዋል። እኔ ለ31 ዓመታት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ ያስተማርኩ ጡረተኛ ነኝ። ክርክሩ ስለ ጾም ብቻ ቢሆን ኖሮ ለሊቃውንቱ ትቼ ዝም እል ነበር፤ ነገር ግን ጥርስና አንጀት በሐሰት ሲመሰክሩ ማየት ለአሮጌ የባዮሎጂ መምህር ስለሚከብደው ይህችን ደብዳቤ ጻፍኩ።

ከክራንቻው ልጀምር፤ ሁለተኛው ጸሐፊ የተማመኑት በእርሱ ነውና። ከዓመታት በፊት ተማሪዎቼን ይዤ ወደ መንዝ ጓሳ ወጥቼ ነበር። የጠዋቱ ብርድ ገና ሳይለቅ፣ ገደል አፋፍ ላይ ተቀምጦ ፀሐይ የሚሞቅ አንድ ወንድ ጭላዳ ሌላ ወንድ ሲጠጋበት የላይኛ ከንፈሩን እስከ አፍንጫው ገልብጦ ክራንቻውን አሳየው፤ ከተማሪዎቼ አንዷ ደንግጣ ደብተሯን ጣለች። እንዲያ ያለ ጥርስ ያለው እንስሳ በግ ቦጭቆ የሚበላ ይመስላል። ጠበኛው ከሄደ በኋላ ግን ያ አስፈሪ ፍጥረት ቂጡን መሬት ላይ አደላድሎ፣ በሁለት እጁ ጣቶች ሣር እየነጨ እፍኙ ሲሞላ ይጎርስ ጀመር። የጭላዳ ምግብ አብዛኛው ሣር ነው፤ ክራንቻው የሚያገለግለው ወንድ ከወንድ ሲፋለም ወይም ሲፎካከር ነው። ቅጠልና ግንድ እየበላ የሚኖረው ጎሪላም ክራንቻው ከሰው ክራንቻ ብዙ እጥፍ ይበልጣል። የእኛ ክራንቻ ከጎረቤቶቹ ጥርሶች ብዙም ከፍ የማይል ትንሽ ጥርስ ስለሆነ መኖሩ ሥጋ በልነታችንን አያስረዳም፤ ትንሽ መሆኑም የመጀመሪያው ጸሐፊ እንዳሉት ሥጋ እንዳንበላ የተሰጠ ምልክት አይሆንም።

ስለ ምግብ ይበልጥ የሚናገሩት የኋላ ጥርሶች ናቸው። ውሻ አጥንት ሲቆረጥም ከጎኑ ሆኖ የተመለከተ ሰው፣ የላይኛውና የታችኛው መንጋጋው እንደ መቀስ ስለት ተላልፈው እንደሚቆርጡና አገጩ ወደ ጎን እንደማይሄድ ያያል። በግ ደግሞ የላይ የፊት ጥርስ ጭራሹን የለውም፤ ሣሩን በታችኛው ጥርስና በላይኛው ድድ ይዞ ይነጨውና አገጩን ወደ ግራና ወደ ቀኝ እያንሸራተተ ያመነዥካል። የእኛ 32 ጥርሶች ሁለቱንም አይመስሉም። ከፊት ያሉት 8ቱ ይነክሳሉ፤ ከኋላ ያሉት አናታቸው ጎበጥ ጎበጥ ያለ በመሆኑ ይጨፈልቃሉ፤ አገጫችንም ወደ ጎን ይንሸራሸራል። ፍሬ፣ ሥር፣ ለውዝ፣ የበሰለ ነገር ለእንዲህ ዓይነቱ ጥርስ ይስማማዋል። ጥሬ ሥጋ ግን ያስቸግረዋል። ቁርጥ ቤት ገብቶ ያየ ሰው ይህን ለመረዳት መጽሐፍ አያሻውም። በላተኛው ሙዳውን በአንድ እጁ ይዞ ጫፉን በጥርሱ ነከስ ያደርግና፣ ስል ቢላዋውን ከከንፈሩ ሥር ወደ ላይ ሰደድ አድርጎ ይቆርጠዋል። ለውሻ መንጋጋው የሚሠራለትን ሥራ ለእኛ የሚሠራው ቢላዋው ነው፤ ያለ ቢላዋ ያ ሙዳ ጉንጭ ውስጥ ሲዞር ይውላል። የሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተሙት ጥናት ሰዎችን የፍየል ሥጋ በጥሬው አስመንዥከው፣ አስቀድሞ ያልተከተፈውን ሥጋ የሰው ጥርስ ለመዋጥ በሚመች ሁኔታ መበጣጠስ እንደማይችል፣ ሲከተፍ ግን ነገሩ እንደሚለወጥ አሳይተዋል። ክትፎ የፈለሰፉት እናቶቻችን ይህን ቢሰሙ የሚገረሙ አይመስለኝም።

አሁን ወደ አንጀቱ ልምጣ፤ የሠንጠረዡ ነገር የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። በሠንጠረዡ መሠረት የሥጋ በሎች አንጀት የሰውነታቸውን ርዝመት ከ3 እስከ 6 ጊዜ ሲያጥፍ የሰው ግን ከ10 እስከ 11 ጊዜ ያጥፋል፤ ስለዚህ ሰው ከሣር በሎች ወገን ነው። ሁለተኛው ጸሐፊ ደግሞ የሰውን አንጀት ለቁመቱ አካፍለው 5 እጥፍ ብቻ ነው አሉ፤ ስለዚህ ሰው የውሻ ዘመድ ሆነ። የሚገርመው ሁለቱም ስሌታቸው አልተሳሳተም፤ የተለያየው መለኪያቸው ነው። አንዱ የለኩት ከአፍ እስከ ጅራት አጥንት መጨረሻ ያለውን የሰው ገላ ሲሆን፣ ሌላው እግርን ጨምረው ከራስ ጠጉር እስከ እግር ጥፍር ለኩ። በግም ሆነ ውሻ ሲለካ ግን እግሩ አይጨመርም። እንግዲህ ፍርድ ከተፈለገ የሰውም እግር መቅረት አለበት፤ በዚህ ረገድ የመጀመሪያው ጸሐፊ ትክክል ናቸው። ስህተታቸው 10 እጥፍን ከሣር በሎች ጎራ መመደባቸው ነው።

በዘንድሮው ፋሲካ ቤታችን የታረደውን በግ አንጀት ከልጅ ልጄ ጋር በልብስ ሰፊ ሜትር ለክተናል። እናቷ ለዱለት የሚሆነውን ጨጓራና ሽንፍላ እያጠበች ሳለ፣ እኛ ትንሹን አንጀት ከያዘው ስስ ሽፋን ቀስ እያልን እየለየን በግቢው የልብስ ማስጫ ገመድ ላይ መላልሰን ዘረጋነው። ከትልቁ አንጀት ጋር ተደምሮ ከ25 ሜትር ጥቂት አለፈ፤ በጉ ራሱ ከአፉ እስከ ጅራቱ ሥር 1 ሜትር ያህል ነበር። ከሞተ በኋላ አንጀት እየላላ ስለሚሄድ ልኬቱን እንደ ወርቅ ሚዛን አልቆጥረውም፤ ሆኖም የእንስሳት ሕክምና መጻሕፍትም የበግን አንጀት 25 እጥፍ ገደማ ነው ስለሚሉ ብዙ አልራቅንም። እንግዲህ በግ 25፣ ሰው 10፣ ውሻ 5 ወይም 6 ከሆነ፣ ሰው ከሁለቱ መካከል ቆሞ ወደ ውሻው ጠጋ ብሏል ማለት ነው እንጂ በጎቹ መካከል አልተገኘም።

ደግሞም ርዝመት ብቻውን ብዙ አይናገርም፤ ዋናው ነገር ምግቡ የሚፈጨው በየትኛው ክፍል እንደሆነ ነው። ሣርና ቅጠል የሚበላ እንስሳ ሁሉ ያንን ጠንካራ ቃጫ ለባክቴሪያ አሳልፎ የሚሰጥበት አንድ ትልቅ ማብሰያ ያስፈልገዋል። በሬና በግ በጨጓራቸው፣ ፈረስና አህያ በትልቁ አንጀታቸውና በዕውር አንጀታቸው ያበስሉታል። የቅርብ ዘመዶቻችን የሆኑት ቺምፓንዚ፣ ጎሪላና ኦራንጉታን ከጠቅላላው የአንጀትና የጨጓራ ይዘታቸው ከግማሽ የሚበልጠው ትልቁ አንጀት ነው። የሰው ትልቁ አንጀት ግን ከጠቅላላው አንድ አምስተኛ ገደማ ብቻ ሲሆን፣ ከግማሽ የሚበልጠውን ቦታ የያዘው ትንሹ አንጀት ነው። ይህ ዓይነቱ አሠራር በትንሽ መጠን ብዙ ኃይል ያለው፣ ሆድ ሳይገባ በፊት ለስለስ ያለ ምግብ ለለመደ ፍጥረት የሚስማማ ነው። እንዲህ ያለው ምግብ ሥጋ ሊሆን ይችላል፤ የበሰለ ሥር ሊሆን ይችላል፤ ማርም ለውዝም ሊሆን ይችላል። አንጀታችን ሣር በሎች አለመሆናችንን አጥብቆ ይመሰክራል፤ ከዚያ አልፎ ሥጋ ወይስ ባቄላ ተብሎ ሲጠየቅ ግን የሚመልሰው የለውም።

የጎደለንን ማብሰያ ከገላችን ውጭ ሠርተነዋል። የጤፍ ሊጥ በቡሃቃ ውስጥ ሁለት ሦስት ቀን ተቀምጦ ከላዩ እርሾው ውሃ ሲጠል፣ አብሲት ተጥሎበት ሲነፋና ኩፍ ሲል፣ በበሬ ጨጓራ ውስጥ ከሚካሄደው ሥራ ጥቂቱን እቤታችን ማድቤት እያካሄድነው ነው። በእህሉ ውስጥ ያለውና ብረትንና ዚንክን አስሮ የሚይዘው ፋይቴት የሚባለው ንጥረ ነገር ሊጡ በቦካ መጠን ይቀንሳል፤ ያ ባይሆን ኖሮ ከጤፉ ብረት ወደ ደማችን የሚገባው ከአሁኑም ያነሰ በሆነ ነበር። ጉድጓድ ውስጥ የሚቀበረው የእንሰት ቆጮም እንዲሁ ነው። በነገራችን ላይ ተክል ሁሉ ለሰው የታሰበ ገር ምግብ ነው የሚለው አስተሳሰብ ጓያን የረሳ ነው፤ በድርቅ ዘመን ጓያ ብቻ ሲበላ ከርሞ እግሩ የተሽመደመደ ሰው በአገራችን የታወቀ ነው። በምራቃችን ውስጥ ስታርችን የሚሰባብረው አሚሌዝ የተባለው ኢንዛይምም ታሪክ አለው። ቺምፓንዚ የዚህ ኢንዛይም ዘረመል ሁለት ቅጂ ብቻ ሲኖረው ሰው በአማካይ ከዚያ እጅግ የበዛ ቅጂ አለው፤ እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ ጥናት ደግሞ ስታርች አዘውትረው የሚበሉ ሕዝቦች ከማያዘውትሩት የበለጡ ቅጂዎች እንዳሏቸው አሳይቷል። እንጀራና ገንፎ በላተኛ መሆናችን በአፋችን ውስጥ ተጽፎ ይገኛል።

ሥጋ በልነታችንስ? ስለዚህ ነገር ከጥርስም ከአንጀትም የተሻለ ምስክር አለ፤ ኮሶ። በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው ኮሶ ጠጥቶ ምሬቱን ያልቀመሰ ጥቂት ነው፤ ዛፉንም ትሉንም በአንድ ስም መጥራታችን ራሱ የነገሩን ክብደት ያሳያል። የከብት ኮሶ ትል ሕይወቱ በሁለት ቤት የተከፈለ ነው። እጩ በከብቱ ሥጋ ውስጥ ተሸሽጎ ይቆያል፤ ጎልምሶ ዕንቁላል የሚጥለው ግን በሰው ትንሽ አንጀት ውስጥ ብቻ ነው። በጅብም በውሻም በአንበሳም ሆድ አያድግም። ሰው በደንብ ያልበሰለ ሥጋ መብላቱን ቢተው የዚህ ትል ዘር ይጠፋል ማለት ነው። አንድ ጥገኛ ፍጥረት ሕይወቱን እንዲህ በአንድ አስተናጋጅ ላይ ሊያስር የሚችለው የአስተናጋጁ ሥጋ በልነት ለብዙ ሺህ ትውልድ ያልተቋረጠ ከሆነ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ የዘር ሐረግ ጥናት፣ የሰው ኮሶ ትሎች የቅርብ ዘመዶች በአፍሪካ አንበሳና ጅብ ሆድ ውስጥ የሚኖሩ መሆናቸውን፣ ትሎቹም ወደ ሰው የተሻገሩት ከብት ከመላመዱ ከብዙ ዘመን በፊት እንደሆነ አመልክቷል። አባቶቻችን በሜዳ ላይ ከአንበሳና ከጅብ ጋር የሚሻሙበት ሚዳቋ ወይም ድኩላ ሥጋ ነበረ ማለት ነው። ስለ ሰው አመጋገብ የሚከራከር ኢትዮጵያዊ ክራንቻ ከመቁጠሩ በፊት ኮሶውን ቢያስታውስ ጥሩ ነበር።

ድንጋዩም ከኮሶው ጋር ይስማማል። በአፋር ጎና ስለሺ ሰማውና ባልደረቦቻቸው ያገኟቸው የድንጋይ መሣሪያዎች ዕድሜ ወደ 2.6 ሚሊዮን ዓመት ይጠጋል፤ በዚያው በአፋር ቦውሪ ደግሞ 2.5 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ባላቸው የእንስሳት አጥንቶች ላይ በድንጋይ የተከረከመ ምልክትና መቅን ለማውጣት የተሰበረ አጥንት ተገኝቷል። በዲኪካ የተገኙትንና 3.4 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ አላቸው የተባሉትን ምልክቶች በተመለከተ ሊቃውንቱ እስካሁን ስለሚከራከሩ እርሱን ለጊዜው ወደ ጎን እተወዋለሁ፤ ያለ እርሱም ማስረጃው በቂ ነው። የሰው ዘር በኢትዮጵያ ምድር ላይ ሥጋ ሲበላ የኖረው እንደ እኛ ያለ ሰው ከመኖሩ እጅግ ቀድሞ ነው።

ሁለተኛው ጸሐፊ እዚህ ድረስ አንብበው ከሆነ ደስ ብሏቸው ይሆናል። ነገር ግን ሥጋ ስንበላ መኖራችን ሥጋ ካልበላን መኖር አንችልም ወደሚል ድምዳሜ አያደርስም። ለዚህ መመልከት ያለብን ሰውነታችን በራሱ መሥራት ያቃተውን ነገር ነው። ድመት ቫይታሚን ኤን ከካሮት ወይም ከጎመን መሥራት ስለማትችል ከሥጋ ተዘጋጅቶ ሊቀርብላት ይገባል፤ እኛ ግን ከጎመኑ እንሠራዋለን። ውሻም ድመትም በሬም ቫይታሚን ሲን በገላቸው ውስጥ ሲያመርቱ እኛ አናመርትም፤ ከፍሬና ከቅጠል እናገኘዋለን። ይህ የፍሬ በል ዘር መሆናችንን ይናገራል። በሌላ በኩል ቫይታሚን ቢ12 አለ። ቢ12ን የሚሠሩት ባክቴሪያዎች ብቻ ናቸው፤ በተክል ውስጥ በሚታመን መጠን አይገኝም። የበሬ ባክቴሪያዎች ከትንሹ አንጀት በፊት ባለው ጨጓራ ውስጥ ስለሚኖሩ የሠሩለትን ቢ12 ከታች ይቀበለዋል። በእኛም ትልቅ አንጀት ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ይሠሩታል፤ ችግሩ እኛ ቢ12ን የምንቀበለው በትንሹ አንጀት መጨረሻ ላይ ስለሆነ፣ እነርሱ የሚሠሩት ከመቀበያው በታች መሆኑ ነው። ወንዙ ካለፈ በኋላ ግድብ እንደመሥራት ነው። (ጥንቸል በዚህ ረገድ ያላትን መፍትሔ በጋዜጣ ላይ መዘርዘር ጨዋነት ስለማይሆን አልፈዋለሁ።)

ታዲያ ጾመኛ ገላውን ይበድላልን? ሒሳቡን እንሥራው። አዋቂ ሰው በቀን የሚያስፈልገው ቢ12 2.4 ማይክሮግራም ሲሆን፣ ጤነኛ ሰው በጉበቱና በቀሪው አካሉ ያጠራቀመው ግን ከ2 እስከ 5 ሚሊግራም ይደርሳል። የዐቢይ ጾም 55 ቀን ሙሉ አንዳች ባይገባለት እንኳ የሚያስፈልገው ድምር ከ0.14 ሚሊግራም አያልፍም፤ ያም በፋሲካ ዶሮ ወጥና በዕንቁላሉ መተካት ይጀምራል። በዓመት ከ180 ቀን በላይ የሚጾም ምእመን እንኳ በመካከሉ ወተትም ሥጋም ስለሚያገኝ ጎተራው አይራቆትም። የእኛ ጾም መፍሰክ ያለበት ጾም ስለሆነ ዕድሜ ልክ ከእንስሳት ተዋጽኦ ከመራቅ ጋር አንድ አድርጎ ማየት ስህተት ነው፤ ሁለቱም ጸሐፊዎች የተሰናከሉት እዚህ ላይ ይመስለኛል። የዓሣውን ክርክር ግን አልነካም፤ ደብዳቤው አያልቅም።

የሚያሳስበኝ ሌላ ወገን ነው። በአሜሪካና በአውሮፓ ያሉ የአበሻ ምግብ ቤቶች የጾም በያይነቱን ለቪጋኖች፣ ማለትም የእንስሳት ተዋጽኦ ጨርሶ ለማይበሉ ሰዎች፣ ያቀርባሉ፤ እዚያ ያደጉ ልጆቻችንም አንዳንዶቹ፣ አዲስ አበባ ያሉትም ጥቂቶች፣ ፋሲካም ገናም የሌለበት ጾም ጀምረዋል። ሰውነታቸው ይህን ይችላል፤ ሽሮው፣ ምስሩ፣ ጎመኑ፣ ተልባው፣ እንጀራው አብዛኛውን ጉዳይ ይጨርስላቸዋል። ቢ12ን ግን በእንክብል ወይም በተጨመረበት ምግብ ካልተኩት፣ ጎተራቸው ጥቂት ዓመታት ከቆየ በኋላ ባዶ ይሆናል፤ ደም ማነስም የነርቭ ጉዳትም ይከተላል። ይበልጥ የሚጎዳው ደግሞ ጎተራ ሳይኖረው የሚወለደውና የሚጠባው ሕፃን ነው። የተክል ብረትም ከሥጋ ብረት ይልቅ ወደ ደም የሚገባው በጥቂቱ ስለሆነ፣ ምስሩ ላይ ሎሚ ወይም ሰላጣው ውስጥ ቲማቲምና ቃሪያ መጨመሩ፣ ቡናውንም ከምግቡ ጥቂት ማራቁ ይረዳል።

በመጨረሻም ለዝግጅት ክፍሉ ሁለት ልመና አለኝ። የመጀመሪያው፣ ያ ሠንጠረዥ ባይታረም በሚቀጥለው ጾም በየቤቱ ሲጠቀስ እንደሚሰማ አልጠራጠርምና፣ የሰውና የበግ መለኪያ አንድ መሆን እንዳለበት በጥቂት መስመር ብታሳስቡ። ሁለተኛው፣ በጤና ዓምዳችሁ አንድ ሐኪም ጋብዛችሁ ስለ ቢ12ና ስለሚያጠቡ እናቶች ብታስጽፉ። የልጅ ልጄ የበጉን አንጀት ልክ የመዘገበችበት ወረቀት፣ ጥግ ጥጉን የሞራ ቅባት ቢነካውም፣ እጄ ላይ አለ፤ ማተም ከፈለጋችሁ እልክላችኋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረተኛ የባዮሎጂ መምህር
ደብረ ብርሃን